ሰንዳፋ የተዛወሩት የጋሽ በሪሁን ሰዎች

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ አለ፤ ሰው ያለውና ሰው የሌለው። ሰው የሌለው ይሰለፋል። ሰው ያለው ደግሞ ከተሰለፈው አጠገብ ይቆምና «ምን አደከመህ? እኔ እኮ ሰው አለኝ» ይላል። ልዩነታቸው ከዚህ አያልፍም። ሲመሽ ሁለቱም ጉዳያቸው ሳያልቅ፣ በአንድ ሚኒባስ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ባለ ሰው አንተም ታውቀዋለህ። የሰበታው ቀጠን ያለ፣ የሱሉልታው በብርዱ ምክንያት በጋቢ የተጠቀለለ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። የውኃ ቆጣሪህ ተበላሽቶ ብታማርር «ሰው አለኝ» ይልሃል። የቤት ካርታ ጠፋብኝ ብትለው «ሰው አለኝ»። ስለ ወዲያኛው ዓለም ብታነሳበት እንኳ ያስባል፤ እዚያ ማንን እንደሚያውቅ።

የእኛን ሰፈር፣ ቡራዩን፣ በዚህ ማዕረግ የሚያገለግሉት ክቡር ጋሽ በሪሁን ናቸው። ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረታ መውጣታቸው ግን እስካሁን በደብዳቤ የደረሳቸው አይመስልም። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካሉ፤ አንዱ የራሳቸው፣ ሁለተኛው ሰልፍ ላይ «እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» ለሚለው ሕዝብ። ብብታቸው ሥር አረንጓዴ የፕላስቲክ ፎልደር አለች። በውስጧ መታወቂያቸው በሃያ ኮፒ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው በስምንት ኮፒ፣ በደርግ ጊዜ የሞተ ውሻቸው የክትባት ካርድ በሁለት ኮፒ ይገኛል። «ኦርጅናል ብቸኛ ነው፤ ይጠፋል» ይላሉ። «ኮፒ ግን ወንድም አለው።»

ከክቡርነታቸው ጋር መንገድ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ የዕድሜ ልክ ቅጣት ነው። ከቤታቸው እስከ ታክሲው ድረስ ለእግረኛ ሰባት ደቂቃ፣ ለእሳቸው ሃምሳ ደቂቃ ነው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ በሪሁን!» ይላል ጎማ ጠጋኙ።

«ፈያ ዳ፣ ገለቶሚ! ያ ወገብህ እንዴት ሆነ?»

ወገቡ ይተረካል። ቀጥሎ በረኛው፣ ቀጥሎ ብየዳ ቤቱ፣ ቀጥሎ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ከነአማቷ ጠብ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጎማ ጠጋኙ ወገቡን የሚያመው እንደ እኔ ቆሞ ስለሚጠብቅ ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ሰው የለኝም። ያለኝ ዜማ ነው። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ አንድ ድርጅት ውስጥ ጽሑፍ አርማለሁ፣ በየሳምንቱ ይህችን ዓምድ እሞላለሁ፤ በመሃል በመሃል አንጎራጉራለሁ። ነገር በስንኝ ካልመጣልኝ አይገባኝም። ባለቤቴ የወይንሐረግ «ቢኒ፣ ያንተ ጭንቅላት ውስጥ ማሲንቆ እንጂ መዶሻ የለም» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የሚያሳዝነው፣ ጊዜው የመዶሻ ጊዜ ነበር። ከገፈርሳ ወዲህ ዳገቱ ላይ፣ ለጊዜው ከተጠጋንባት የዘመድ ክፍል አለፍ ብሎ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አቁመናል። እንጨቱ ተማግሯል፣ ጭቃው ተመርጓል፣ የመስኮቱ ቀዳዳ ሳይቀር ሰማይ ሰማይ ያያል። የቀረው ጣራው ነበር። በሁለት ዓመት ቁጠባ የቆመ ግድግዳ፣ አናቱ ባዶ ሆኖ፣ ግንቦት ላይ። ጣራ ያልለበሰ የጭቃ ቤት ለክረምት ዝናብ ስኳር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብን በዘፈን ስጠራ የኖርኩ ሰው፣ ያን ሰሞን ደመና ባየሁ ቁጥር ዘፈኔን አቋርጥ ጀመር።

ዝናብ ናልኝ ብዬ በዘፈን ስጠራ፣
ቤቴ ጭቃ ሆነ ከምሰሶው ጋራ።

ይህችን የገጠምኩት ከመሆኑ በፊት ነው። ባልገጥማት ይሻለኝ ነበር።

የቆርቆሮው ገንዘብ ግን ከሰማይ ባይሆንም ከግብር ቢሮ መጥቶልን ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤትና ማታ የምሠራበት ድርጅት ሁለቱም ከሚገባው በላይ ግብር ሲቆርጡብኝ መኖራቸው ተደረሰበት። አመለከትኩ፤ ስምንት ወር ጠበቅኩ፤ ሃምሳ ሁለት ሺህ ብር እንዲመለስልኝ ተወሰነ። ቅጽ ሞላሁ፣ የባንክ ቁጥሬን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። የወይንሐረግ አርባ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የአናጺ እያለች በጣቷ አሰላችው። ልክ ይመጣል። ከዚያ ሚያዝያ አለቀ፣ ግንቦት ተጋመሰ፣ ባንክ ደብተሬ ላይ ግን አንድ ሳንቲም አልነጠበም።

ግብር ቢሮ ሄድኩ። ጉዳዬን የያዘችው ሳሊሃ የምትባል፣ ድካሟ ከፊቷ የሚነበብ፣ ትሁት ባለሙያ ናት።

«ገብቷል እኮ፣ ወንድሜ።»

«የት ነው የገባው?»

«ራስህ በሰጠኸን ቁጥር።»

ቅጹን አውጥታ አሳየችኝ። ደብተሬን አጠገቡ አስቀመጥኩት። ቁጥሩ የኔ አይደለም። የእጅ ጽሑፉ ግን የኔ ነው። ሰባቷን እንኳ እንደ ልማዴ አንገቷን ሰብሬያታለሁ።

«ስሜን አላያችሁም?»

«ክፍያው የሚሄደው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ካለ ይሄዳል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ባንኩ ማን ዘንድ እንደገባ በደብዳቤ ይግለጽልንና እናያለን» አለች።

ይህን በሰማሁበት ምሽት ክቡር ጋሽ በሪሁን በራችንን ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ጎማ ጠጋኙ ሳይሆን አይቀርም።

«ለምን ብቻህን ሄድክ?» አሉኝ ተቆጥተው። «ባንክ እኮ ሰው አለኝ!»

በማግስቱ ባንክ ሄድን። ጋሽ በሪሁን ሰልፉን አልፈው፣ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው «ያ ቀይ ልጅ የለም?» አሉ።

«የትኛው፣ አባቴ?»

«ቀዩ! የሚስቀው!»

«እ፣ እሱማ ተዛውሯል። ሰንዳፋ ነው።»

ክቡርነታቸው ወደ ሰልፉ ጫፍ ተመለሱ። እኔም አብሬ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የደረስንበት ሰውዬ የሌላ ደንበኛ ስም ምስጢር እንደሆነ፣ ከከፋዩ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካልመጣ ትንፍሽም እንደማይሉ ነገረን። ሳሊሃ ጋ ተመለስን። ሳሊሃ መጀመሪያ የባንኩ ደብዳቤ እንደሚቀድም ነገረችን። ጋሽ በሪሁን እዚያው ፎቅ ላይ ሰው ነበራቸው። ሰንዳፋ ተዛውሯል። ባንኩ ዋና ቅርንጫፍ ሌላ ሰው ነበራቸው። ሴትዮዋ ወልዳ ዕረፍት ላይ ናት፤ ከዕረፍት ስትመለስ ደግሞ ሰንዳፋ ነው የምትገባው። ፎቶ ኮፒ ቤት እንኳ «እዚህ የነበረች ልጅ ዋጋ ትቀንስልኝ ነበር» ብለው ጠየቁ። አግብታ ሄዳለች። የት? አትጠይቁኝ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሲስተም የለም፤ ነገ። ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ነው፤ ነገ። ኮፒው ደብዝዟል፤ ነገ። ሰንዳፋን በልቤ እንደ ገነት ማየት ጀመርኩ። የአገሩ ደግ ሰው፣ የሚስቅ ሰው፣ ፋይል የማይጠፋበት ሰው ሁሉ በደብረ ብርሃን መንገድ ተጭኖ እዚያ ተሰብስቧል። እኛ ደግሞ ቡራዩ ቀርተናል። ሚኒባስ ውስጥ፣ ዊንጌትና አስኮ መሃል መንገድ ተዘግቶብን፣ እንዲህ ስል አንጎራጎርኩ፤

ደብዳቤ ጻፍኩላት ማኅተም የሌለው፣
ፍቅሬም እንደ ቢሮ ነገ ተመለስ ነው።

«ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ በሪሁን። «ኮፒ አድርገው።»

ቤት ስገባ የወይንሐረግ ደጅ ቆማ ወደ ወንጪ አቅጣጫ ደመናውን ታያለች። ሸራ ከጎረቤት ለምና ግድግዳው አናት ላይ ጥላለች፤ ለአንዱ ክፍል ብቻ ነው የበቃው።

«አለቀ?» አለችኝ።

«ነገ።»

«ቢኒ፣ እኔ ያንተን ነገ አይደለም የምፈራው። የሰማዩን ነው።»

ሰኔ ሦስት ቀን፣ ባንኩ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጠናል። ውስጥ ኔትወርክ የለም። እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። ጋሽ በሪሁን የቅጹን ኮፒ ከፎልደራቸው አውጥተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በባዶ ዓይናቸው ሲያዩት ቆዩ።

«ቢንያም፣ ይህን ቁጥር ከየት አምጥተህ ጻፍከው?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ጣቴ ነው የጻፈው።»

«ጣትህ ከየት ያውቀዋል?»

ጣቴን አየሁት።

«በል ስልክህን አውጣ። ለዚህ ቁጥር እስቲ አንድ ብር ላክለት።»

«ምን?»

«ስትልክ ስሙ ይመጣ የለም እንዴ? የልጅ ልጄ ናት ያሳየችኝ።»

ቁጥሩን አስገባሁ። አንድ ብር ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ባንክና አንድ ግብር ቢሮ ምስጢር ነው ያሉኝን ነገር፣ በአንድ ሰኮንድ አወጣው፤ «ለደስታነሽ አንድ ብር ሊልኩ ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

እርግጠኛ ነበርኩ። እንዴት አልሆንም! እትዬ ደስታነሽ የሰበታ አከራዬ ነበረች። ቡራዩ ከመምጣታችን በፊት ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ አራት ሺህ ብር በዚህች ቁጥር ላይ ልኬያለሁ። ተኝቼ ልኬያለሁ፣ ታምሜ ልኬያለሁ፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጬም ልኬያለሁ። የተከራይ ነገር እንዲህ ነው። የራሱን ቁጥር አንድም ቀን በቃሉ አይዝም፤ ማን ልኮለት ያውቃልና? በቃሉ የሚያውቀው የሚከፍልበትን ነው። ቅጹ «የባንክ ቁጥርዎ» ሲለኝ ጣቴ የለመደውን ጻፈ። የቤቴን ጣራ ለድሮ አከራዬ በገዛ እጄ ሰጠኋት።

«ሰርዘው» አሉኝ ጋሽ በሪሁን ስልኩን እያዩ። «አንድ ብርም ብር ነው።»

ደወልኩላት። ስልኳ ተዘግቷል። በማግስቱ ሰበታ ወረድን። የድሮ ቤታችን በር ላይ የማላውቃቸው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጎረቤቷ፣ ሴትዮዋ ከሁለት ወር በፊት በድንገት ዕቃዋን ሸክፋ፣ ሱሉልታ ልጇ ጋ እንደሄደች ነገረችን። «ምን እንደነካት እንጃ» አለች። «እንደ ሌባ ነው የወጣችው።»

የጋሽ በሪሁን ፊት ጠቆረ። ጥርጣሬ እኔንም ያዘኝ። ገንዘቡን አይታው ይዛ ጠፍታ እንደሆነስ? ሰባት ዓመት አብረን የኖርን ሴት ናት፤ ልጅ ሳታጣ እንደ ልጅ የቆጠረችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ምንም አላንጎራጎርኩም።

በሦስተኛው ቀን አዲሱ ገበያ ላይ ተሳፍረን፣ እንጦጦን ተሻግረን፣ ሱሉልታ ገባን። የሚነክስ ብርድ ነበር። አድራሻ የለንም፤ ያለን የልጇ ስም ነው፤ ዕድላዊት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የጋሽ በሪሁን ሰላምታ ሥራ የሠራው። ለተራ አስከባሪው ሰላምታ፣ ለሻይ ሻጯ ሰላምታ፣ ለወተት ሰብሳቢው በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ከነከብቶቹ ደኅንነት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ዕድላዊት ስንት ልጅ እንዳላት፣ ባሏ የት እንደሚሠራ፣ እናቷ ከመጣች ወዲህ ከግቢ ወጥታ እንደማታውቅ ሰማን። አንድም ቢሮ አልገባንም። አንድም ኮፒ አልተጠየቅንም።

በሩን ያንኳኩት ክቡርነታቸው ናቸው። እንደ ቢሮ ሰው፣ ሦስት ጊዜ።

«ማነው?» አለች ወጣት ሴት ከውስጥ።

«ወይዘሮ ደስታነሽን ፈልገን ነው! በግብር ገንዘብ ጉዳይ!»

የብረት በሩ ቀዳዳ ላይ አንድ ዓይን መጣ። ዓይኑ ቡናማውን ኮት አየ፣ ሁለቱን እስክሪብቶ አየ፣ አረንጓዴዋን ፎልደር አየ።

«እንደዚያ የምትባል ሴት እዚህ የለችም» አለ ዓይኑ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ በሥነ ሥርዓት...»

«ሞታለች በያቸው!» አለ ከጓዳ ሌላ ድምፅ።

ጋሽ በሪሁን ወደ እኔ ዞሩ። «የራሷ ድምፅ ነው?»

«የራሷ ነው።»

«እትዬ ደስታነሽ!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ነኝ፣ ቢንያም!»

«ቢንያም ቡራዩ ነው ያለው! ስሙንም ሰልላችኋል!»

ምን ላድርግ? ሰበታ ሳለሁ፣ ማታ ማታ አምሽቼ ስገባ፣ በሯን የማስከፍትባት አንዲት ስንኝ ነበረችኝ። ያን ጊዜ በግድግዳው ታንኳኳብኝና «ዝም በል!» ትለኝ ነበር። ሱሉልታ አስፋልት ዳር፣ በጠራራ ብርድ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ለቀቅኳት፤

ኪራዬን ከፈልኩኝ በሩን ክፈቺልኝ፣
የሰው ቤት ነው እንጂ የኔስ የት አለልኝ።

በሁለተኛው መስመር ድምፄ ተሰነጠቀ። ከብርዱ ይመስለኛል።

ከጓዳ አንድ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። «ዕድልዬ፣ ክፈቺለት» አለ ድምፁ። «እንዲህ አድርጎ ዜማ የሚያበላሽ ሌላ ሰው አገር ላይ የለም።»

እትዬ ደስታነሽ ከስታለች። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ ጋሽ በሪሁንን ግን እስክትቀመጥ ድረስ በጥርጣሬ ታያቸው ነበር።

«እኔ መንግሥት እመስላለሁ?» አሉኝ ክቡርነታቸው በሹክሹክታ፣ ኮታቸውን እያዩ።

«ትንሽ።»

የተቀየሙ መስለው ቀና አሉ፤ ኮሌታቸውን ግን አስተካከሉ።

«የስልክ መልእክት መጣ» ብላ ጀመረች እትዬ ደስታነሽ። «ያን ቀን ልትጠይቀኝ ሰበታ መጥታ የነበረችው ዕድልዬ አነበበችልኝ። ከግብር ቢሮ ሃምሳ ሁለት ሺህ ብር ገባልሽ ይላል። ቢኒዬ፣ ላንተ ልንገርህ፤ ለኔ በወር ስንት ነበር የምትከፍለው?»

«አራት ሺህ።»

«እኔ ለግብር ስንት ብዬ ነው ያስመዘገብኩት?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«አትወቅ። ተወው።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ግብር ቢሮ ገንዘብ ሲወስድ እንጂ ሲሰጥ አይተህ ታውቃለህ? አወቁብኝ፣ ይሄ ወጥመድ ነው አልኩ። ከነካሁት ይይዙኛል፤ ልመልስ ብዬ ከሄድኩም እዚያው ይይዙኛል። ሲም ካርዱን አውልቄ፣ ደብተሩን በርበሬ ማስቀመጫ ውስጥ ቀብሬ፣ ከነበርበሬው ተሸክሜ እዚህ መጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ውሻ በጮኸ ቁጥር እደበቃለሁ።»

እኔ በቡራዩ ገንዘቡን እያሳደድኩ ስደክም፣ እሷ በሱሉልታ ከገንዘቡ እየሸሸች ደክማለች። የማን ድካም እንደሚበልጥ አላውቅም። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ቀድማ አለቀሰች።

ባንኩ ቅርብ ነበር። ጋሽ በሪሁን በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ። «እዚህ እንኳ...» ብለው ጀመሩ።

«ሰው አለዎት» አልኳቸው።

ጥበቃውን ጠየቁት። ሰውየው ሰንዳፋ ተዛውሯል።

ኔትወርክ እስኪመጣ እስከ ዐሥር ሰዓት ተቀመጥን። ገንዘብ ከፋይዋ ደብተሩን ስትገልጠው ሦስት ጊዜ አነጠሰች፤ ከጎኗ ያለው ልጅ አነጠሰ፤ ሥራ አስኪያጁ ምን ሆናችሁ ብሎ መጥቶ እሱም አነጠሰ። ማኅተሙ በዚያ ሁሉ ማስነጠስ መሃል ተመታ። ስልኬ ጢው አለ። ሃምሳ ሁለት ሺህ ብር፣ በራሴ ቁጥር። ቁጥሩን እትዬ ደስታነሽ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አስነበበችኝ፤ እምነት አጥታብኛለች።

ደስታዬ እስከ እንጦጦ ቁልቁለት ነው የቆየው። እዚያ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። የሚኒባሱ ጣራ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ሾፌሩ በእጁ መስታወት ይጠርጋል። የወይንሐረግ ደወለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረውም፤ ያ ነው የባሰው።

«ቢኒ፣ የሰሜኑ ግድግዳ ሄደ።»

«ሌላውስ?»

«ሸራውን ይዤዋለሁ» አለች። ስልኩ ተቋረጠ። በሁለት እጇ ስለያዘችው መሆኑ ኋላ ነው የገባኝ።

ጋሽ በሪሁን «ሰው አለኝ» አላሉም። እስክሪብቶአቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ አይተው፣ መልሰው ሰኩት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ቤቱ ጋ ስንደርስ ከእኛ የቀደመ ሰው አለ። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም፤ ያለ ኮት አይቻቸው አላውቅም። ክቡር ጋሽ በሪሁን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ፎልደሯን እንጨት ላይ ሰቅለው፣ የወደቀውን ጭቃ ከጭድ ጋር ይረግጣሉ። ጎማ ጠጋኙ ወገቡን ይዞ ውኃ ያመላልሳል። ብየዳ ቤቱ ልጆቹን ልኳል። በቆሎ ጠባሿ ከነአማቷ መጥታለች፤ ጭድ ላይ እየተጣሉ ጭድ ያቀብላሉ። ያ ሁሉ ሃምሳ ደቂቃ ሰላምታ ለካ በከንቱ አልፈሰሰም ነበር።

እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጭቃ ውስጥ ሰው ደፈር ይላል።

«ጋሽ በሪሁን፣ እውነት ያ ሁሉ ሰው ሰንዳፋ አለዎት?»

ለረጅም ጊዜ ረገጡ።

«መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርህ» አሉ። «ብቻውን የመጣ ሰው ነገ ና ሲሉት እሺ ብሎ ይሄዳል። ነገ አይመጣም። ፋይሉን እኔ ነኝ መልሼ የማስቀምጠው። ሰው ይዞ የመጣ ግን፣ በማግስቱም ይመጣል። ስለሚያፍር ይሁን፣ እንጃ።»

«ሰዎቹስ?»

«የተዛወሩትን ተዋቸው» አሉ፤ አስከትለውም «እዚያ ጋ ጭድ ጨምር» አሉኝ።

ቆርቆሮው በሦስት ቀን ተመታ። የሰሜኑ ግድግዳ ገና እርጥብ ነው፤ የጋሽ በሪሁን ተረከዝ ያረፈበት ቦታ ሳይቀር ይታየኛል፤ የወይንሐረግ እንዳይለሰን ከልክላለች። አሁን ሐምሌ ነው። ከሰዓት ላይ ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ ይዘምራል፤ እኔ ሥር ሆኜ አጅበዋለሁ። ሁለታችንም ዜማ እንደምናበላሽ ባለቤቴ መስክራለች።

ትናንት ይህን ዓምድ ልጽፍ ቁጭ ስል፣ በዚያው ባልደረቀው ግድግዳ በኩል ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ሰዎች ዝናብ ለመጠለል ከጣራዬ ክፈፍ ሥር ቆመዋል። አንደኛውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሁለተኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ አነጋገሯ የደቡብ ነው።

«ጋሼ፣ የባንኩም ሰው ተዛውሯል አሉኝ፤ የፋብሪካውም ተዛውሯል። ሁለት ወር ደመወዜ ሰው ሂሳብ ሲገባ እኔ ምን ልብላ? በቃ ልተወው መሰለኝ።»

«ጣቢታ ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ ሰው አለኝ። በዚህ ጉዳይ ያለፈ ሰው ነው፤ ጋዜጣ ላይም ይጽፋል።»

«እሱስ አልተዛወረም?»

«እሱ?» አሉ ጋሽ በሪሁን፤ በቆርቆሮዬ ላይ መዳፋቸውን ቸብ ሲያደርጉ ሰማሁ። «እሱማ ዘንድሮ ጣራ አለበሰ። የትም አይሄድ።»

በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። እኔ ማን ነኝና? ማንን አውቃለሁ? ባንክ ሰው የለኝ፣ ፋብሪካ ሰው የለኝ። ደክሞኛል፤ እግሬ ደረቅ ነው፤ ስንኜ ተጀምራ ቀርታለች። ተነሣሁና ኮቴን ለበስኩ።

የወይንሐረግ ጃንጥላውን አቀበለችኝ። በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ቢኒ፣ ሁለተኛውን እስክሪብቶ አትርሳ።»